ጤነኛውን ብረት ሲለካ የኖረ ሰው

እናቱ ያወጣችለትን ስም ከደመወዝ መዝገቡና ከባለቤቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። የሥራ ባልደረቦቹም፣ የጣቢያው ዘበኛም፣ ቧንቧው በጓሯቸው የሚያልፍባቸው የሰፈር ሰዎችም «ሚሊ» ነው የሚሉት፤ ሽበቱን የሚያከብሩ «ጋሽ ሚሊ» ይሉታል። ሰው ሲያገኝ ከልጅና ከቤት ጤና በፊት የብረት ውፍረት በሚሊሜትር የሚያወራ ሰው ሌላ ምን ተብሎ ሊጠራ?

ሥራው ይህ ነው። ከትልቁ ማከማቻ ተነስቶ ወደ ከተማው የሚወርድ የቤንዚን ቧንቧ አለ። ቧንቧው አዲስ ሳለ የግድግዳው ውፍረት ዘጠኝ ሚሊሜትር ነበር። ብረት ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ ዝም ካሉት ውስጥ ውስጡን ያልቃል። ሚሊ ታዲያ የሲጋራ ፓኮ የምታክል መለኪያ ይዞ ይዞራል፤ ብረቱ ላይ ትንሽ ቅባት ጠብ ያደርጋል፣ የመለኪያውን ጫፍ ይለጥፋል፣ መሣሪያው በብረቱ ውስጥ ድምፅ ሰዶ በማሚቶው ውፍረቱን ይናገራል። ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ የተጠጋ እንደሆነ ሚሊ ያፏጫል። አምስት ውስጥ የገባ እንደሆነ ቧንቧው መቆረጥ አለበት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳያፏጭ የዋለበት ቀን የለም። ይህንን ነበር መጠርጠር። ግን የራሱን ደስታ የሚጠረጥር ሰው ከየት ይመጣል?

የሱ ድርሻ ከፓምፕ ጣቢያው ወጥቶ ከሰፈሩ ጋር ጀርባ ለጀርባ የሚሄደው፣ በሲሚንቶ መደገፊያ ላይ የተጋደመው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ሁሉ ርዝመት ላይ ስልሳ አራት ነጫጭ ክቦች ተቀብተዋል፤ በየክቡ መካከል ቁጥር አለ። ቦታዎቹን የመረጠው ራሱ ሚሊ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት፣ አለቃ የተባለ ሁሉ ስብሰባ ላይ በሰነበተበት ወቅት። ክቦቹ ሁሉ ሰው ቆሞ እጁ በሚደርስበት በኩል ናቸው፤ ወይ ከአናቱ፣ ወይ ከጎኑ። ከቧንቧ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ልለካ የሚል ጤነኛ የለም። መመሪያው በየዓመቱ እዚያው ነጥብ ላይ ለካ ይላል፤ ያለዚያ የዘንድሮውን ከአምናው ማስተያየት አይቻልም። መመሪያ ሲሉት መመሪያ ነው፤ የጻፈው ሰው ቧንቧ አይቶ ይወቅ አይወቅ የሚጠይቀው የለም።

ሚሊ በሥራው አይታማም። ክቡን በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ይፈትጋል፣ ይለካል፣ ከዚያ የፋቀውን መልሶ ይቀባል። መመሪያው አንድ እጅ ቀለም ይላል። እሱ መጀመሪያ ቀዩን የዝገት መከላከያ፣ ያ ሲደርቅ ሁለተኛ እጅ፣ በላዩ ነጩን ክብ ይቀባል፤ በመጨረሻም ቁጥሩን በቀጭን ብሩሽ ያሳምራል። ሁለት ጊዜ ምስጉን ሠራተኛ ተብሎ ወረቀት ተሰጥቶታል። እንግዳ ሲመጣ አለቆቹ የሚያስጎበኙት የሱን ክቦች ነው። ከክብ እስከ ክብ ያለው ብረት ግን ቀለም ካየ ዘመን የለውም፤ እሱን ደግሞ ማን ይጎበኘዋል?

የሰፈሩ ሰው በሚሊ ቃል ነው የሚተኛው። ሴቶቹ ቧንቧው ላይ ልብስ ያሰጣሉ፣ ሕፃናቱ እንደ ፈረስ ይቀመጡበታል። በየዓመቱ መለኪያውን አንጠልጥሎ ሲመጣ «እህስ ጋሽ ሚሊ፣ ዘንድሮስ?» ይሉታል። እሱም ብረቱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እንደ ዓለት ነው» ይላል። ትልቋ ልጁ ስታገባ አማቹ እዚያ ሰፈር ቤት አግኝቶ ቧንቧውን አይቶ ሲያመነታ፣ ሚሊ ከልቡ ነበር የተቀየመው፤ እኔ እየለካሁት ትፈራለህ ብሎ። ልጁ እዚያ ከገባች ይኸው ስድስት ዓመት ሆናት፣ ሁለት ልጆችም ወልዳለች፤ ከወጥ ቤቷ መስኮት እስከ ቧንቧው ድረስ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

ዘንድሮ ከተማው ቤንዚን አልበቃ አለው። የቧንቧው ግፊት ከአርባ ባር ወደ ሃምሳ አምስት ከፍ ይበል ተብሎ ከላይ ተወሰነ፤ ቀኑም ቅዳሜ ሆነ። ከዚያ በፊት ግን ሚሊ ስልሳ አራቱንም ነጥብ ለክቶ፣ ቅጹን ሞልቶ፣ ከግርጌው መፈረም አለበት። ፊርማው ከሌለ ፓምፑ አይነካም። የጥገናው ኃላፊ «ይቻላል» የሚባለው ሰውዬ ነው። ስሙን ያገኘው ከላይ የታዘዘውን ሁሉ ሳያስብ ይቻላል ስለሚል ነው፤ ከታች ለሚለምኑት ግን አንድም ቀን ይቻላል ብሎ አያውቅም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሚሊ አርባ አንደኛው ክብ ዘንድ ደርሶ ነበር፤ ከልጁ ጓሮ ትይዩ። ስምንት ነጥብ ሰባት ለክቶ ፉጨቱን ሊጀምር ሲል የቅባቷ ክዳን ከእጁ አምልጣ ከቧንቧው ሥር ተንከባለለች። ጎንበስ ቢል አልደረሰባትም። ተንበረከከ፣ አሁንም አልደረሰባትም። በስተመጨረሻ እያጉረመረመ በጀርባው ተጋደመና ራሱን ከቧንቧው ሥር አስገባ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የዚያን ቧንቧ ሆድ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ቧንቧው መደገፊያው ላይ ከሚያርፍበት ጥግ ብረቱ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ቅጠል ቅጠል ሆኗል። ሚሊ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር ቢያደርገው መዳፍ የሚያህል ዝገት ተገሽልጦ ፊቱ ላይ ወደቀ። ዓይኑን ጠርጎ፣ በጥፍሩ ፍቆ ፍቆ፣ መለኪያውን ለጠፈ። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ አለችው።

መሣሪያው ታሟል ብሎ አሰበ። ሰው መቼም ሁልጊዜ የሚጠረጥረው ክፉ ወሬ ያመጣውን ነው። ከቧንቧው ሥር ወጥቶ ውፍረቱ በታወቀ መሞከሪያ ብረት ላይ ፈተናት፤ አምስቱን አምስት አለች። ተመልሶ ገባ፤ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ከሚቀጥለው መደገፊያ ሥር ሦስት ነጥብ አራት። ከዚያኛው ሁለት ነጥብ ስምንት። የቅባቷን ክዳን እዚያው ረስቷት ወጣ።

መጀመሪያ የነገረው ለበያጁ ነው። በያጁ የሃያ ዓመት ወዳጁ ነው፤ ምላሱ ከመበየጃው እሳት ይብሳል። ሁለቱም ቧንቧው ጥላ ሥር ተቀመጡና ሚሊ ያየውን አንድ በአንድ ዘረገፈ። በያጁ ምንም አልገረመውም። ከቤንዚን ጋር ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ አብሮ ይመጣል፣ ውሃ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ሆዱ ላይ ይተኛል፤ ከላይ የዘነበውም ተንሸራቶ መደገፊያው ላይ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ብረቱ ከውስጥም ከውጭም የሚበላው ከሥር ነው፣ ይህን የማያውቅ በያጅ የለም አለው። ሚሊ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ቢለው፣ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ አለው። ከዚያ ወደ ነጩ ክብ ዞር ብሎ ትክ ብሎ አየው።

«አንተ ሰውዬ» አለው፣ «በየዓመቱ ሦስት እጅ ቀለም የምትቀባው ይሄንን ነው፤ መልሰህ የምትለካውም ይሄንኑ ነው። ከዚህ ሁሉ ቧንቧ ጤና ያለው ስልሳ አራት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም ያዳንከው አንተ ነህ። በሽተኛውን ትተህ ጤነኛውን ስትመረምር ኖርህ።»

ቀልድ ነበር፤ በያጁም ስቆበታል። ሚሊ ግን አልሳቀም። ምስጉን የተባለበት ሥራ ይኸው ነበር፤ ላይ ላዩን ማሳመር፣ ውስጡን ለቄስ። አርባ አንደኛው ክብ በፀሐዩ እንደ ሠርግ ልብስ ያበራል፤ ከሱ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ያለው ብረት ጥፍር አይችልም።

በነጋታው ጠዋት፣ ረቡዕ፣ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ይቻላል ከጠረጴዛው ላይ ቀና አላለም። ሚሊ ቁጥሩን ሲነግረው የነጥቡን ቁጥር ጠየቀው። ቁጥር የለውም፣ ከአርባ አንድ ሥር ነው አለ ሚሊ። ኃላፊው ቅጹን ስቦ በእስክሪብቶው ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ስልሳ አራት መስመር ብቻ ነው ያለው፤ በቅጹ ላይ የሌለ ነጥብ አልተለካም ማለት ነው አለው። እኔ ራሴ ለካሁት እኮ ቢለው፣ የት ላይ ልትጽፈው ነው ሲል መለሰለት። እንዲህ ያለውን ሰው በሙግት መርታት አይቻልም፤ ዓለም ያለችው በመስመሩ ውስጥ ነው፣ ከመስመር ውጪ የሚፈስ ቤንዚን እሱን አይሸተውም።

ሚሊ ግን አልወጣም። ቆሞ ቀረ። ያኔ ኃላፊው ተነስቶ ከመደርደሪያው ወፍራም ማኅደር አወረደና የአሥራ ዘጠኙን ዓመት ቅጾች እያገላበጠ አንድ በአንድ ፊቱ ዘረጋለት። ሁሉም ግርጌ ላይ «ጥሩ» ይላል። ከ«ጥሩ» ሥር ያንኑ ጥንቅቅ ያለ ፊርማ ይዟል።

«ይሄ ፊርማ የማን ነው ጋሽ ሚሊ?»

«የኔ።»

«እንግዲህ ወይ ያን ጊዜ ዋሽተሃል፣ ወይ አሁን ትዋሻለህ። የትኛው ይሻልሃል?»

ኃላፊው ድምፁን አለዝቦ ጡረታህ ቀርቧል፣ ስምህ የተከበረ ነው፣ ስልሳ አራቱ ነጥብ ደግሞ እውነትም ጥሩ ነው፤ ውሸት ፈርም አላልኩህም አለው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም እውነት ነበረ። እያንዳንዱ ቁጥር ልክ ነው። ቅጹ ከላይ እስከ ታች አንድ ውሸት የለበትም፤ ሰፈር ሊያቃጥል የሚችለውም ለዚሁ ነው። እስከ ነገ ጠዋት አስብበት ብሎ ቅጹን በእጁ አስያዘው።

ቤቱ እንደገባ ባለቤቱ ፊቱን አይታ ምን ነካህ አለችው። ምንም አለ። ምሳውን ሳይነካ ሲነሳ፣ ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ምንም ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ አለችው። ነገራት። እሷ የብረቱን ነገር አልጠየቀችም፤ በየት በኩል ነው ብቻ አለች። ከልጅቷ ጓሮ ሲላት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ቅዳሜ ልጆቿን ይዛ እዚህ ትምጣ፣ አሁኑኑ ደውልላት አለች።

ደወለ። የእናቴ መቀነት ጠለፈኝ እንደሚሉት ዓይነት ሰበብ ነው ያመጣው፤ እናትሽ ናፍቀሻታል፣ ከነልጆቹ ቅዳሜና እሑድን እዚህ አሳልፉ አላት። ልጅቷ ሳቀች። እማዬ ትናንት እኔ ዘንድ አልነበረች እንዴ፣ በአንድ ቀን ነው የናፈቅኳት አለች። ሚሊ መዋሸት አይችልበትም፤ እውነት ለመናገርም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈጀበት ሰው ነው። ተንተባተበ፣ ተንተባተበና ሁሉንም ዘረገፈላት።

ልጅቷ ስለ ጎረቤቷ አነሳች። ጎረቤቷ አልጋ ላይ የዋለች እናት አለቻት፤ ሦስት ሆነው ካልያዟት አትነሳም። ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ወዴት ነው ብትለኝ ምን ልበላት ስትል ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ልጅህ ባልሆን ኖሮ ትደውልልኝ ነበር?»

ባለቤቱ ከጎኑ ቆማ ምን አለች፣ ምን አለች ትለዋለች። የልጅቷ ድምፅ ጠነከረ። ነገ አለቆችህን ይዘህ መጥተህ ካላሳየሃቸው እኔው በር በበር እናገራለሁ፣ እኔ ብናገር ግን ማን ብሎሽ ነው የሚሉኝ፣ አንተ ብትል ነው የሚያምኑት አለችና ዘጋችው። ባለቤቱ ይህችን ልጅ ያጠገብካት አንተ ነህ አለችው። ከዚያ ግን፣ ልክ ናት አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሚሊ ያልተፈረመውን ቅጽ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረ። አልፈርምም አለ፤ ቀጥሎም ያሰበውን ሌላ ንግግር ሁሉ ረሳው። ወርደህ እይ ብቻ አለው። ይቻላል ሊቆጣ አፉን ከፈተና የተሻለ ሐሳብ መጣለት። ሄዶ አይቶ፣ ምንም እንደሌለ በቃለ ጉባኤ አስጽፎ፣ ሚሊን ከሥራ አግዶ፣ በምትኩ ሌላ ለኪ ሊያስፈርም ይችላል። አንድ ጸሐፊ አስከትሎ፣ በያጁንም ለምስክርነት ጠርቶ፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተነሱ። ሚሊ ከኋላ ወንበር ላይ መለኪያውን እንደ ታመመ ጫጩት ጭኑ ላይ አቅፎ ሄደ።

አርባ አንድ ሲደርሱ ኃላፊው ክቡን አየና ይኸው ምን ሆነ፣ መስታወት አይደል እንዴ አለ። ጸሐፊው መስታወት ብሎ ሊጽፍ ነበር። ሚሊ በጀርባው ተጋድሞ ከቧንቧው ሥር ገባ። ኃላፊው እዚያው ቆሞ ምን እንደሚያይ በቃል እንዲነግረው አዘዘው። ከሥር የመጣለት መልስ «ግባ» የሚል ብቻ ነበር። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አለቃና አፈር የለበሰ መሬት ተፋጠጡ። በያጁ ቀስ ብሎ፣ ሸሚዙ ይታጠባል አለቃ፣ ባለቤትዎ ቢቆጡ እኔ እመሰክራለሁ አለ። ከዚህ በኋላ አለመግባት ነውር ነበር። ይቻላል እያቃሰተ ተጋደመ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ወደ ላይ አዩ። ሚሊ ማክሰኞ የገሸለጠው ቦታ ላይ ብረቱ አልቦታል። እንደ ሰው ግንባር ፍሬ ፍሬ ላብ ነው ያወጣው።

ጤዛ ነው አለ ኃላፊው።

ረፋዱ ላይ ፀሐይ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ሚሊ አልተከራከረውም፤ የአለቃውን እጅ አንስቶ ጣቱን ላቡ ላይ አስነካውና ወደ አፍንጫው መለሰለት። ቤንዚን አፍንጫ ሲመታ ማዕረግ አይለይም። የይቻላል ፊት ከሸሚዙ ነጣ።

«ትናንት ከሰዓት» አለ ኃላፊው በለሆሳስ፣ ውጭ ያሉት እንዳይሰሙት፣ «ግፊቱን አርባ ስምንት ባር ድረስ ሞክረነው ነበር። እስካሁን እዚያው ላይ ነው።»

«ያለ ፊርማ?»

«ያለ ፊርማ።»

ሚሊ ሊሰድበው ይችል ነበር፤ ስድቡም አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ግን በአጠገቡ በተኛው ቂል ውስጥ ያየው ራሱን ነው። ያኛው ያለ ፊርማ ግፊት ጨመረ፣ እሱ ደግሞ ሆዱን ያላየውን ቧንቧ እየፈረመ ኖረ፤ የሁለቱ ልዩነት የዓመታቱ ብዛት ብቻ ነው። ውጣና ፓምፑን አስቁም፣ ስልክህን ግን እዚህ አትንካ፣ ሩቅ ሄደህ ደውል አለው። አለቃ ሆኖ የማያውቀው ሰው አዘዘ፤ ታዞ የማያውቀው ሰው በጉልበቱና በክርኑ ድሆ ወጣና ሮጠ። ጸሐፊው ተከተለው፤ ቃለ ጉባኤው መሬት ላይ ቀረ።

በያጁ ና ውጣ እንጂ፣ ምን ልትሠራ ቀረህ ብሎ እግሩን ጎተተው። ሚሊ አልወጣም። ፓምፑ ቢቆም እንኳ ግፊቱ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ላቡ ወደ ጠብታ፣ ጠብታው ወደ ፍሰት ቢለወጥ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ ይህን ቦታ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየው ማንም የለም አለው። ይልቅ አንተ ወደ ልጄ ቤት ሂድ፣ ምድጃ የለኮሰ ሁሉ እንዲያጠፋ ንገራት አለው። በያጁ ሳይቀልድ ሄደ። ሚሊ ከዚያ ሁሉ ነገር ይልቅ የፈራው ይህንን ነው፤ በያጁ ሳይቀልድ የሄደበትን ቀን አያስታውስም።

ብቻውን ቀረ። አንዷ ፍሬ ከጎኗ ካለችው ጋር ተገናኝታ ከበደች፣ ተንጠለጠለች፣ አንገትጌው ላይ ወደቀች። ሌላዋ እሷን ተከተለች። ስንት ሚሊሜትር እንደቀረ ለማወቅ መለኪያውን አላነሳም፤ ብረቱን መንካትም ፈራ፣ ባትሪ ያለውን ነገር ማንሳትም ፈራ። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ አሰበ፤ አምና ይሆን፣ አሥር ዓመት ይሆን፣ ልጁ ቤቱን ስትይዝ አስቀድሞ እንዲህ ነበር ይሆን? አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቁጥር ጽፏል፤ ለዚህ መልስ የምትሆን ግን አንዲት ቁጥር የለችባቸውም።

ከአጥሩ ወዲያ የልጁ ድምፅ ተሰማው። በር ታንኳኳለች። እሳት አጥፉ፣ ስልክ አትነካኩ፣ ልጆቹን ይዛችሁ በላይኛው መንገድ ውጡ ትላለች። በሮች ይከፈታሉ፣ እግሮች ይሮጣሉ፣ አንዱ በጫማ አንዱ ያለ ጫማ። አንድ ሰው ወጥ ጥጄ ነበር እኮ እያለ ያማርራል። ከዚያ የጎረቤቷ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ቃሏ ሁሉ ይለይ ጀመር።

ማን ነው ያለው አለች ጎረቤቷ።

«አባቴ ነው።»

«ጋሽ ሚሊ? በየዓመቱ እንደ ዓለት ነው ሲለን የኖረው እሱ አይደለም እንዴ?»

ሚሊ ትንፋሹን ያዘ። ጠብታዋም የያዘች መሰለው።

«እሱ ነው» አለች ልጁ። «ተሳስቶ ነው። በይ አሁን እናትሽን አንቺ በእግሯ በኩል ያዢ፣ እኔ በራስጌዋ እይዛለሁ።»